ቃሊቲ ሲደርስ 40 ያልሆነው ባለ 40 ጄኔሬተሬ

ባለ 40 ኬቪኤ የናፍጣ ጄኔሬተር ከገዛሁ አንድ ዓመት ሞላኝ። ቃሊቲ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ፤ በር፣ ቁምሳጥን፣ አልጋ እንሠራለን። መብራት ሲሄድ ስድስት ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሠርጉ የደረሰበት ደንበኛ ደግሞ መብራት ሄዶ ነው ብትሉት አይሰማችሁም። ስለዚህ ገዛሁ። ከማን እንደገዛሁ አልናገርም፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም፣ ስለ ዕቃው ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ይነሳል። ሐምሌ ላይ በዚያ ብርድ እንኳ ሁለቴ አያስለምንም። ሽፋን ስላለው ድምፁም እንደፈራሁት አይደለም፣ ግቢው በር ላይ ቆመን ሳንጮህ እናወራለን። በየ250 ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ፣ በቃ።

የተሸወድኩት ቁጥሩ ላይ ነው። 40 ኬቪኤ በ0.8 (ፓወር ፋክተር በሚሉት) ሲባዛ በትክክል ሥራ የሚሠራው ኃይል፣ 32 ኪሎዋት ይሆናል፣ ይህን ሻጩም አልደበቀኝም። ያልነገረኝ ጎኑ ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ የምታወራው ስለ ቆላ አየር መሆኑን ነው። እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ የኔ ሞተር ደግሞ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የለውም፣ እንዲህ ዓይነቱ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ይጥላል። ደምሩት። 20 በመቶ ያህሉ ገና ቁልፉ ሳይዞር ሄዷል። የቀረኝ 25 ኪሎዋት አካባቢ ነው፣ የከፈልኩት ግን የ32ቱን ነው።

ይህን ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። መጋዙና ኮምፕሬሰሩ እየሠሩ አንዱ ልጅ ሄዶ 7.5 ኪሎዋቷን መላጊያ ማሽን አስነሳት። ጄኔሬተሩ ሲያቃስት ሰማሁት። አምፖሎቹ ቀሉ፣ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ተንደቀደቀ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ። ሞተር እንዲሁ በቀጥታ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይጠጣል፤ ይህን ቀድሞ ያሰላው ሰው የለም፣ እኔም ጭምር።

የሰፈራችን መካኒክ ጋሼ (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንለው) መጣና አየው። «ልጄ፣ ታናሽ ወንድሙን አዝሎ ዳገት ውጣ የተባለ ልጅ አድርገኸዋል» አለኝ። ለመላጊያዋ ስታር ዴልታ ማስነሻ (ስትነሳ የምትጠጣውን ከረንት የሚቀንስ) ገጠመላት፣ ከዚያ ትልቁ ሞተር መጀመሪያ፣ ትናንሾቹ በኋላ የሚል ሕግ አወጣን። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። ማታ ማታ ለዘበኛው አንድ አምፖልና ለስልኩ ቻርጅ ብዬ አስነሳው ነበር። ወር ሳይሞላ ከጭስ ማውጫው አፍ ዘይት የመሰለ ጥቁር ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። በጣቴ ነካሁት፣ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ዘይት ፈሰሰ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ከአቅሙ ሲሶ በታች ብዙ ሰዓት ሲሠራ ስለማይሞቅ ናፍጣውን በደንብ ሳያቃጥል ይተፋዋል። ጋሼ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «ሥራ ስጠው።» ለማታ ትንሽ ሶላር ገዛሁ፣ ተገላገልኩ።

ናፍጣው? አንድ ሊትር ውስጥ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል አለ። እኔ ጋ ኤሌክትሪክ ሆኖ የሚወጣው 3 ገደማ ነው። ሌላው በጭስና በራዲያተር ወደ ሰማይ። ሌሊት ተሰልፌ ያመጣሁት ናፍጣ ነው እንዲህ የሚሆነው!

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። ጀበል አሊ ከሚባለው የጋዝ ኃይል ማመንጫ ብዙም ሳትርቅ ነው የምትኖረው፤ ከ9,500 ሜጋዋት በላይ ነው፣ የኛ ሕዳሴ እንኳ 5,150 ነው። እዚያ ጋዙ መጀመሪያ አንድ ተርባይን ያዞራል። 600 ዲግሪ የሚጠጋው ጭስ ግን አይጣልም፤ ቦይለር ገብቶ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል፣ የተረፈው ሙቀት ደግሞ የባህር ውሃ ያጣራል። አንዴ የተከፈለበትን ነዳጅ ሁለት ሦስቴ ያሠሩታል። የዚህ ዓይነት አዳዲስ ጣቢያዎች ከነዳጁ 60 በመቶ አካባቢ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ቀናሁ።

ቀንቼም አልቀረሁም። ከራዲያተሩ የሚወጣውን ሙቅ አየር በሰፊ የቆርቆሮ ቱቦ ወደ ጓሮዋ መጋዘን አስገባሁት። የራዲያተሩን ብቻ ነው፣ ጭሱ ለብቻው ከጣሪያ በላይ ይወጣል፣ እሱ ይገድላል። ቱቦውንም እንዳታጠቡት፣ ሞተሩ ይግላል። የዋንዛ ጣውላዬ ክረምት ላይ ሻጋታ ያወጣ ነበር። ዘንድሮ አላወጣም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለናፍጣው ነው፣ አንዷን ለሻጩ ዝምታ። ልትገዙ ከሆነ «አዲስ አበባ ላይ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አጽፉት። ቱርቦ ያለው ብዙም አይቀንስም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። መጋዘኗን በተመለከተ፣ ልጆቹ አሁን በዝናብ የራሰ ቱታቸውን ከጣውላው ጎን እየሰቀሉ ቦታ አጣብበውብኛል።