ቪትዝ አር ኤስ 1.5፦ አዳማ ላይ ምን ያዋጣል፣ ምን አያዋጣም

አዳማ ውስጥ ቪትዝ ሞልቷል፤ እውነተኛ አር ኤስ፣ ማለትም የቪትዝ የስፖርት ደረጃ፣ ግን ጥቂት ነው። ከኋላ በሩ ላይ አርማ መለጠፍ ማንንም ስለማያቅተው አርማው ምንም አይመሰክርም። እዚህ የሚገመገመው ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ያመረተው ሁለተኛው ትውልድ፣ 1.5 ሊትር ሞተርና ባለአምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ያለው ነው። ፍርዱን ለማስቀደም ያህል፣ ለዚህ ከተማና በዙሪያዋ ላሉት መንገዶች ደህና መኪና ነው፤ ማሻሻያ ላይ የሚወጣው ብር ግን መጀመሪያ ወደ ጎማ፣ ወደ ፍሬንና ወደ ሾክ መሄድ አለበት። ሞተሩ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ በዚህ ከፍታ ብዙ አይመልስም።

መለያው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ኬ.ኤስ.ፒ. 90 ብሎ የሚጀምር 1.0 ሊትር፣ ኤስ.ሲ.ፒ. 90 ደግሞ 1.3 ሊትር ነው። 1.5 ሊትሩ ኤን.ሲ.ፒ. 91 ይላል፤ ሞተሩም 1 ኤን ዜድ ይባላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሞተሩን እንጂ ደረጃውን አይናገርም፤ ተራው ባለ 1.5 ቪትዝም ያው ቁጥር አለው። ስለዚህ በኋላ ቸርኬ ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ያስፈልጋል። ከኋላ የታምቡር ፍሬን ካለ አር ኤስ ነው የተባለውን ዋጋ አይክፈሉ። የአር ኤስ የኋላ ፍሬን ዲስክ ነው።

ከዚያ ወደ መሪው ይኬዳል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ መሪው በቀኝ ስለሆነ፣ እዚህ የሚሸጠው ወደ ግራ የዞረ ነው። የዚህ ትውልድ የፍጥነት ቆጣሪ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ መሆኑ ለሠራተኛው እፎይታ ነው፤ ቆጣሪውን ማዛወር አያስፈልግም። ጣጣው ያለው ከሥር ነው። በወጉ የተሠራው መኪና ከግራ መሪ ያሪስ (ቪትዝ በውጭ ገበያ የሚጠራበት ስም) የመጣ የመሪ ካሳ ይኖረዋል፣ የፍሬን ማስተሩም (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ግራ ላይ ሆኖ በቀጥታ ከፔዳሉ ጋር ይያያዛል። በርካሽ የተሠራው ማስተሩን ቀኝ ላይ ትቶ ፔዳሉን በዳሽቦርዱ ሥር በተዘረጋ ብረት ያገናኘዋል። እንዲህ ያለው ፔዳል ሲረገጥ መጀመሪያ ባዶ ይሄዳል፣ አጥብቀው ሲይዙት ደግሞ ብረቱ ሲለመጥ ይሰማል። ይህ በ120 ለሚነዳ መኪና አይሆንም፤ ዋጋው ምንም ቢወርድ ትቶ መሄድ ነው።

ቀሪውን ሞተሩን አስነስተው ይፈትሹት። መሪውን ከመሀል ወደ ግራ እስኪቆም፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪቆም ያዙሩት፤ የዙሩ ብዛት በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለበት። ከሾፌሩ እግር ሥር ምንጣፉን ገልጠው በእጅ ይዳብሱ፤ እርጥበት ካለ በአዲሱ የመሪ ዘንግ ቀዳዳ በኩል የክረምት ውኃ ይገባል ማለት ነው። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን አውጥተው ችግሩን ደብቀውታል። የዝናብ መጥረጊያው የቀኝ መሪ እንደሆነ ከቀረ ደግሞ በሾፌሩ በኩል ጥግ ላይ ሳይጠረግ የሚቀር መስታወት ይኖራል።

ብዙ ሰው የማያየው መብራቱን ነው። የጃፓን የፊት መብራት በግራ ለሚነዳ አገር ስለተሠራ ጨረሩ ወደ ግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለው ጨረር የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ማታ ግድግዳ ፊት አምስት ሜትር ርቀው ቆመው ያብሩት፤ መስመሩ ወደ ግራ የሚወጣ ከሆነ ከግራ መሪ ያሪስ የተፈታ ጥንድ መብራት መግጠም ነው። በቡሎን ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፣ የራስን መንገድ ያጨልማል።

ስለ ጉልበት እንነጋገር። ፋብሪካው የሚለው 110 የፈረስ ጉልበትና 141 ኒውተን ሜትር በባሕር ጠለል አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚቀረው 92 አካባቢ ነው፣ አሰላ ሲደረስ ደግሞ ወደ 84 ይወርዳል። መኪናው ከአንድ ቶን ብዙም ስለማይበልጥ ይህም ቢሆን አያሳፍርም፤ ዙሩን ከ4,000 በላይ ይዞ ለሚነዳ ሰው ደስ የሚል መኪና ነው። የጠፋውን 18 ፈረስ ግን በማጣሪያና በማርሚታ የሚመልስ የለም፤ የጠፋው አየር ነውና።

ኮፈን ውስጥ ሾጣጣ ማጣሪያ መግጠም እንዲያውም ወደኋላ ይመልሳል። የፋብሪካው ሳጥን ቀዝቃዛ አየር ከውጭ ይስባል፤ ሾጣጣው የሞተሩን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። የአዳማ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ዘይት የሚቀባ የጥጥ ማጣሪያ ከወረቀቱ ይበልጥ ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል፤ ዘይቱ ሲበዛም የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ ሞተሩን ያንገጫግጫል። ኦሪጅናል የወረቀት ማጣሪያ ገዝቶ አሸዋማ መንገድ ለሚበዛበት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ይበልጣል። ማርሚታን በተመለከተ፣ ከመሀል ጀምሮ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ድምፁን ያሳምራል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ቆርጦ የጣለ ሰው ፒ0420 የሚል ኮድና የማይጠፋ የሞተር መብራት ገዝቷል።

አሁን ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ። አር ኤሱ ከፋብሪካ የሚመጣው በ195/50 አር 16 ጎማ ነው። የጎማው ግድግዳ 97 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሠፈር ውስጥ ኮብልስቶንና ምልክት ያልተቀባ ጉብታ ቸርኬውን ያጣምመዋል። ወደ 15 መውረድ ነው የሚመከረው፤ 185/60 አር 15 ዙሪያው ከፋብሪካው ጋር በግማሽ በመቶ እንኳ ስለማይለያይ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም፣ ግድግዳውም 111 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 195/55 አር 15 መንገድ ትንሽ የበለጠ ይይዛል፣ በ1 በመቶ ያህል ያጥራል፤ ሁለቱም ይሆናሉ።

ቸርኬ ሲገዛ አራት ቀዳዳ ሆኖ የቀዳዳዎቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ወይም 6.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (የመገጠሚያ ፊቱ ከቸርኬው ስፋት መሀል ያለው ርቀት) 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጠየቃል። ከመክፈልዎ በፊት አንዱን የፊት እግር ላይ አስገብተው በእጅ ያዙሩት፣ ካሊፐሩን መንካት የለበትም። ቸርኬው የሚቀመጥበት የመኪናው እግር መሀል 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለገበያ የሚሠሩ ቸርኬዎች የመሀል ቀዳዳቸው ስለሚሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል። ያ ቀለበት ሳይኖር ጎሚስታው ስንት ጊዜ ባላንስ ቢያደርግ ፈጣን መንገዱ ላይ ከ100 በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ደህና ጎማ ጥሏል። ዳዶው 12 በ1.5 ነው፣ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። በአየር መፍቻ ብቻ የተጠበቀ ዳዶ ወይ ክሩን ይበላል ወይ መንገድ ላይ ሲፈታ አያስገባም። የጎማውን ዕድሜም ጎኑ ላይ ካሉት አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ተብሎ መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት የከረመ ጎማ በዚህ ሙቀት ግድግዳው ቶሎ ይሰነጠቃል። ንፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ፍሬኑ ላይ ትልቅ ካሊፐር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አዲስ የፍሬን ዘይት ነው፤ ደረጃው ዶት በሚል ቁጥር ይገለጻል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 ከ230 ይጀምርና እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ይወርዳል። ከአሰላ ቁልቁል ሲመጣ ፔዳሉ ስፖንጅ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ያረጀው ዘይት ካሊፐር ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ስለሚፈጥር። አንድ ሊትር ዶት 4 ለሙሉ ቅያሬ ይበቃል። ሥራው ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው እግር ይጀመራል፤ ማስተሩ ግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይከፍታል፤ የሚረግጠው ሳይዘጋ እግሩን ካነሳ አየር ይገባል። ማጠራቀሚያው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ በየእግሩ ይሞላ። ዶት 5 የሚል ዕቃ ግን አይንኩ፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱም ጋር አይደባለቅም።

ሸራ ሲቀየር የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ተጠርገው በፍሬን ግሪስ ካልተቀቡ ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ያልቃል፣ መኪናውም ወደ ጎን ይጎትታል። ከዚያ ከ60 ወደ 20 አሥር ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ መያዝ ነው፤ ወዲያው አፍኖ ማቆም ዲስኩ ላይ ሸራውን ያትምበታል።

ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው፤ ያምራልም። ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ግን ይህ መኪና አይችልም። ሞላው በ40 ሲያጥር ሾኩ ከጉብታ ማቆሚያ ጎማው ጋር ይጋጫል፣ የፊት ፓራውልቱና ማርሚታው በየጉብታው ይፋቃሉ፣ የብራቾው ቦኮላም ያለ ጊዜው ይበላል። ሞላን በመፍጫ የሚቆርጥ ጋራዥ ካለ ከዚያ መኪናውን ይዞ መውጣት ነው። የተሻለው መንገድ የፋብሪካውን የአር ኤስ ሞላ ይዞ አራቱንም ሾክ በጥሩ የጃፓን ምርት መቀየር፣ ከፊት ደግሞ የላይኛውን ሱፖርትና ኩሽኔታውን አብሮ መለወጥ ነው። አሮጌ ኩሽኔታ ላይ አዲስ ሾክ ሲገጠም መሪው ሲዞር ሞላው «ቷ» ይላል፣ ሥራውም ሁለት ጊዜ ይሠራል። የሾኩ የላይኛው ዳዶ መጨረሻ የሚጠበቀው መኪናው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አላይመንቱ የግድ ነው፤ የፊቱ ቶ (ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት መጠን) ዜሮ አካባቢ ይሁን። የኋላው አንድ ወጥ አክስል ስለሆነ በቡሎን አይስተካከልም፤ የተጣመመ ከሆነ ከግጭት የመጣ ነውና ስለዚያ ሻጩን ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ የሚታየው ፈጣን መንገዱ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ 120 ይፈቅዳል፣ የአዳማ የንፋስ ተርባይኖችም እዚህ አካባቢ ያለ ምክንያት አልተተከሉም። የጎን ንፋስ ቀላልና ቁመቱ ከፍ ያለ መኪናን ይገፋል። ደህና ሾክና ጎማ ያለው አር ኤስ በመጠነኛ የመሪ እርማት ያልፈዋል፣ ሾኩ የሞተበት ግን ሲወዛወዝ ይከርማል።

ሞተሩን በሕይወት ማቆየት ጉልበት ከመጨመር የበለጠ ሥራ ነው፣ ዋናውም ማቀዝቀዣው ነው። በአዳማ ከፍታ ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ከ95 ዲግሪ በታች ይፈላል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ80 እስከ 84 ባለው ነው፣ ቬንትሌተሩ ደግሞ 93 ገደማ ይነሳል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ከደረቀና ግፊት ካልያዘ፣ በውስጡም የቧንቧ ውኃ ካለ፣ ቬንትሌተሩ ገና ሥራ እንደጀመረ መፍላት ሊጀምር ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን በ1.1 ባር ገደማ አሳድጎ መፍያውን ከ115 በላይ ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) የሚያስወርደው ችግር በርካሿ ክዳን የሚጀምር ነው። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ይሙሉ፤ ክዳኑን ሞቆ እያለ አይክፈቱ።

ዘይቱ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር፣ 5 ደብሊው 30 ነው፤ በዚህ አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ታይሚንጉ በካቴና ስለሚሠራ ቺንጋ የመበጠስ ሥጋት የለም፤ ዘይት የተዘነጋበት ሞተር ግን ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ካቴናው ይንኳኳል። ይህ ከተሰማ የሚቀየረው ካቴናው ከነመወጠሪያው ነው። ዘይት የሚበላ መሆኑን ለማወቅ ምልክቱ ላይ ሞልቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማየት ነው፤ ሊትር የሚጠጋ ከጎደለ የፒስቶኑ ፋሻ ነው። ካንዴላው ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር፣ ጥብቀቱ 18 ኒውተን ሜትር ነው። አንዱ ሲሊንደር ካላቃጠለ ካንዴላ ከመግዛት በፊት ኮይሉን ከጎረቤቱ ጋር ይለዋውጡ፤ ኮዱ ከፒ0301 ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው።

ቱርቦን በተመለከተ፣ በከፍታ የጠፋውን አየር በእውነት የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው፤ የቶዮታ የውድድር ክፍል የሆነው ቲ አር ዲም ለዚህ መኪና 150 ፈረስ የሚያደርስ ቱርቦ ሸጧል። ነገር ግን የሞተሩ ኮምፕሬሽን 10.5 ለ1 ስለሆነ የነዳጅና የእሳት ሰዓት ካርታው በትክክል ካልተጻፈ ፒስቶን ይበሳል። ያን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያና የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ ከሌለ አይጀመርም። ሞተር መቀየር የሚያስብም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ መጻፉን አይርሳ፤ ቀለሙም እንደዚያው።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለው ነው፣ ስለዚህ መለዋወጫው ከመኪናው ጋር አብሮ ይታሰብ። የሞተሩ ዕቃ ከኮሮላና ከፕሮቦክስ ስለሚጋራ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የአር ኤስ ብቻ የሆነው ነው፦ የፊትና የኋላ ፓራውልቱ፣ የኋላ ዲስኮቹና ካሊፐሮቹ፣ ጎን የሚይዙት ወንበሮች። የተሰበረ የፊት ፓራውልት ያለው አር ኤስ ሲቀርብልዎ ሞተሩ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን፣ ፓራውልቱ ያለበትን ሱቅ ሳያገኙ ዋጋ አይቁረጡ።