ቡቺን ያስከተብንበት ክሊኒክ (ባጃጁንም ጨምሮ)
ቅዳሜ ጠዋት ቡቺን ለማስከተብ አራዳ በኩል ወዳለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የምነጫነጭበት ነገር አለኝ ሃሃሃ፣ ግን ውሻ ያላችሁ ጎንደሬዎች ሂዱ ነው የምለው።

መጀመሪያ መሄጃው። ከማራኪ ስንነሳ ሁለት ባጃጅ ውሻውን ሲያይ ነድቶ አመለጠ፣ ሶስተኛው «ወንበሬ ላይ ከሸና ታጥባለህ» ብሎ እጥፍ አስከፍሎ ጫነን። ስር የሚነጠፍ ማዳበሪያ ያዙ። ቡቺ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ አፍንጫውን በጎን አውጥቶ ፒያሳን እያየ ሄደ፣ የሸናው ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ነው።

በሩ ላይ 2:30 ይከፈታል ይላል፣ ዶክተሩ የመጣው 4 ሰዓት ሊሆን ሲል። መቀመጫ የለም፣ ድንጋይ ላይ ነው። በግ አለ፣ ቅርጫት ውስጥ ዶሮ አለ፣ ጀርባዋ የተገጠበ አህያ ይዘው የመጡ ሽማግሌም አሉ። እኔ ለጨዋታ ብዬ «አባባ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰሙም?» ስላቸው «ባሏ ባያስጥላት እኔ አስጥላታለሁ፣ ለሱ አይደል የመጣሁ» አሉኝ፣ ዝም አልኩ።

ዶክተሩ ግን ሲመጣ ንዴቴን አስረሳኝ። አፉን በፋሻ አሰር አድርጎ፣ አንገቱን እያሻሸ ቆዳው ስር ወጋው፣ ቡቺ መወጋቱንም ያወቀ አልመሰለኝም። ሳይቸኩል ደግሞ ያስረዳል፣ ውሻ ከ3 ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ ከዛ በየአመቱ ይደገማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ ከሚታየው እስከ 99 ፐርሰንቱ የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ቫይረሱ በነርቭ በኩል አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እኛ ሰፈር ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ የሚሮጠው መድኃኒት አዋቂ ጋ ስለሆነ ይሄን ደጋግሞ መናገሩ ደስ ብሎኛል። ክፍያው ደግሞ፣ አታምኑም፣ ከባጃጁ ያንሳል።

ድንጋይ ላይ ያን ያህል ስቀመጥ የውሻ ተረቶቻችንን ስቆጥር ነበር፣ ለነሱ የሚያደላ እኮ የለም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብቻ ነው ትንሽ የሚያመሰግነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው እኛ ቤት ቃል በቃል ደርሷል፣ ቡቺ አጥሩን ቀዶ ጅብ በግ ወስዶብናል፣ እሱ ላይ አልከራከርለትም። ሰው በከንቱ ሲሞትም «ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን። ይሄኔ ሚጣዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ «ከልብ ምንድነው?» አለች፣ በግዕዝ ውሻ ማለት ነው አልኳት። «አይደለም፣ ከልብ እወድሻለሁ ሲባል ያለው ነው» ብላ ድርቅ አለች፣ ፊደሉ አንድ ነው ምን ልበላት።

ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ የቀረችው ለድንጋዩና ለሰዓቱ ናት። የክትባት ካርዱን ሚጣዬ ተቀብላኝ ቤት ስንደርስ ሽፋኑ ላይ በእስክሪፕቶ «ቡቺ ከልብ» ብላ ጽፋበታለች፣ የቱን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።