ለጀማሪ የሮቦቲክስ ክበብ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ወይስ ጥቂት የተመረጡ መሣሪያዎች?

አዲስ የተማሪዎች ሮቦቲክስ ክበብ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚታሰበው ከመዶሻ እስከ ካቻቢቴ ሁሉንም አጭቆ የያዘ የመሣሪያ ሳጥን መግዛት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ዓይን ይሞላል፤ ይሁን እንጂ ክበባችን ከተጠቀመበት በኋላ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ዋናው ድክመቱ ብሩጎላው፣ ማለትም ባለ ስድስት ማዕዘን የብሎን መፍቻው፣ ነው። የሮቦት ክፍሎች በብዛት የሚታሰሩት በኤም 3 እና በኤም 4 (ባለ 3 እና ባለ 4 ሚሊሜትር ውፍረት) ብሎን ሲሆን፣ የተለመደው ኤም 3 ባለ 2.5 ሚሊሜትር፣ ኤም 4 ደግሞ ባለ 3 ሚሊሜትር ብሩጎላ ይፈልጋሉ። በሳጥኑ ውስጥ ግን የኢንችና የሚሊሜትር ቁልፎች ተደባልቀዋል፤ ባለ 3/32 ኢንቹ 2.38 ሚሊሜትር ስለሆነ 2.5 በሚፈልገው ብሎን ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ ጠበቅ ሲደረግ ግን የብሎኑን ማዕዘን ይልጠውና ከዚያ በኋላ ማጥበቅም መፍታትም አይቻልም። ብረቱ ልል በመሆኑም የራሱ የቁልፉ ጫፍ ቶሎ ይዶለዱማል።

በዚያው ገንዘብ እጀታ ያላቸው ባለ 2፣ 2.5 እና 3 ሚሊሜትር ብሩጎላዎችን ሁለት ሁለት ፍሬ መግዛት፣ ለዳዶዎቹም ባለ 5.5 እና ባለ 7 ሚሊሜትር ቁልፍ መጨመር እጅግ ይሻላል። አንድ ብቻ ከሆነ ተማሪው ከሚሠራበት ጊዜ ወረፋ የሚጠብቅበት ይበልጣል።

በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የማይጠፋው ቢጫ ቴስተር፣ ዲቲ 830፣ በርካሽነቱ የሚናቅ አይደለም፤ የባትሪን ቮልቴጅ ለማየት ይበቃል። ሲገዛ ግን የሽቦን መቀጠል በድምፅ የሚያሳውቀውን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሽቦው የት ላይ እንደተበጠሰ የሚፈልግ ተማሪ ዓይኑን ከሥራው ሳይነቅል ለማወቅ ይችላልና። ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ቀዩ ሽቦ እዚያ እንደተሰካ የባትሪ ቮልቴጅ ለመለካት የሚሞክር ልጅ ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በፕላስተር መሸፈን ጥሩ ነው። የግድግዳ ሶኬት፣ ማለትም 220 ቮልት፣ በዚህ ቴስተር በተማሪ እጅ መለካት የለበትም።

ለሶልደሪንግ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በሊድ ለመበየድ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ባለ 60 ዋት መበየጃ በቂ ነው። 63/37 የሚባለው ሊድ (63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው የመበየጃ ሽቦ) በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ የማይስተካከለው ርካሹ መበየጃ ግን ከዚያ እጅግ በላይ ስለሚግል በጀማሪ እጅ ሲቆይ የሰርኪዩቱን መዳብ ከቦርዱ ያላቅቃል። ሊዱ እርሳስ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ከመግዛት በፊት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ይቅደም። ተማሪ በእጁ ይዞ የሚበሳው አሉሚኒየም መብሻው ሲይዘው አብሮ ይሽከረከራል፣ ጠርዙም ጣት ይቆርጣል። ሞርሳ ሲኖር በተራ ሞረድና በብረት መጋዝ ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ትራፓኖው ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ቢተላለፍ አይጎዳም። የዓይን መከላከያ መነጽር ግን ከተማሪዎቹ ቁጥር ማነስ የለበትም፤ አንዱን እየተቀባበሉ ሲሠሩ ሁልጊዜ ያለ መነጽር የሚቀረው አጠገብ ቆሞ የሚመለከተው ነው።