የ7 አምፔሯ ባትሪ ሁለት ክረምት በጎንደር ሱቄ

አላርም ሻጮች ስለ ሳይረኑ ድምፅና ሴንሰሩ ስለሚያይበት ርቀት ብዙ ያወራሉ፤ ባትሪው ላይ ሲደርሱ ግን «ይበቃል» ብለው ያልፋሉ። ፒያሳ አካባቢ ያለችው የሞባይልና የመለዋወጫ ሱቄ አላርም ከገባላት ሁለት ክረምት አለፈ። አብራው የመጣችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ድራይ ባትሪ ነበረች፤ በየሱቁና በየቪላው ሳጥን ውስጥ የምናያት ያቺው ጥቁር ባትሪ። አሁን በ9 ተክቻታለሁ። 7ቷ መጥፎ ሆና አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ አላርሙን የምታቆይበት ሰዓት ለእኔ ሱቅ ስለማይደርስ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕቃው ስንት እንደሚበላ ነው። የፓናሉን፣ ማለትም የአላርሙን ዋና ሳጥን፣ መብራት ከብሬከሩ አጥፍቼ መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ጋር በተርታ አስገባሁት። ክላምፕ ሜትር ለዚህ ብዙም አይረዳም፤ አብዛኞቹ ይህን ያህል ትንሽ የዲሲ ከረንት በትክክል አያነቡም። ዋናው ቦርድ 90 ሚሊ አምፔር፣ ኪፓዱ 40፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ሞጁል 50፣ አምስቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው 15፣ የውጭው ሳይረን ዝም ብሎ ተቀምጦም 25። ድምሩ 280 ሚሊ አምፔር። የበሩ ማግኔቶች ከቁጥር አይገቡም።

ባትሪው ላይ የተጻፈው 7 አምፔር ሰዓት የተለካው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው፤ ማለትም 0.35 አምፔር እየተወሰደበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጨርሰው ያለ ሰው ከ5 በታች ነው የሚያገኘው። የእኛ 280 ከ350 በታች ስለሆነ ጽሑፉን ማመን ይቻላል፣ ባትሪው አዲስ እስከሆነ ድረስ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ዝም ብሎ ሲቆም የሚበላውን በሚፈለገው ሰዓት ማባዛት፣ ሳይረኑ ሲጮህ የሚበላውን መደመር፣ ከዚያ ለእርጅና ሩብ መጨመር። የአውሮፓው የአላርም ደረጃ፣ ኢኤን 50131፣ ለታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች መብራት ጠፍቶ በባትሪ 12 ሰዓት መቆየትን ይጠይቃል። ለ12 ሰዓት 0.28 ሲባዛ በ12፣ 3.36 ይመጣል። ሁሉም ሲጮህ ወደ 1.2 አምፔር ይደርሳል፤ ለሩብ ሰዓት ከጮኸ 0.3። ድምሩ 3.66፣ ከነሩቡ 4.6 ገደማ። 7ቷ በደንብ ታልፋለች። ማታ ዘበኛ ያለው ቤት ወይም ቤተሰብ የሚያድርበት ግቢ ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት የለበትም፣ በእኔ እምነት።

የእኔ ችግር ጥር ነው። ለከተራ ጥር 10 ከሰዓት ዘግተን ታቦት ሸኝተን ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት እንወርዳለን፣ በማግስቱ ጥምቀት፣ ከዚያ ቃና ዘገሊላ። ሦስት ቀን ሱቁን የሚያይ የለም፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ከፒያሳ በላይ ያለው መንገድ ሁሉ ሰው ነው። ያን ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማን ያውቃል? ስለዚህ የእኔ መለኪያ 24 ሰዓት ነው። 0.28 ሲባዛ በ24፣ 6.72። የሳይረኑ ሲጨመር 7.02፣ ከነሩቡ ወደ 8.8። እዚህ ላይ 7ቷ ወደቀች።

በተግባር የሆነውም ከወረቀቱ ብዙ አልራቀም። ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ሱቁን ስዘጋ የፓናሉን ብሬከር አጥፍቼ እሄዳለሁ፤ ባትሪው ሲዳከም ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል። አዲስ ሳለች መልእክቱ የመጣው እሑድ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነበር። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ያው ሙከራ ሲደገም እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ መጣ። በመልቲሜትር ስትለካ ግን ጤነኛ ትመስላለች፤ ምንም ሳይጫንባት 12.6 ቮልት ታሳያለች። ሳይረኑ ሲጮህ ነው ጉዷ የሚወጣው፣ ወዲያው ከ11 በታች ትወርዳለች። ሲም ካርዱ ሞጁል ደግሞ መልእክት ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። ያረጀች ባትሪ በዚያች ቅጽበት ቮልቷ ወርዶ ሞጁሉ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሌባ ሲገባ መልእክቱ ሳይላክ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪ በዝምታ አይመዘንም፣ አስጩሁት። ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረው እንጂ።

ቶሎ ያረጀችበትን ምክንያት ስፈልግ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ሙቀት ነው። ቴክኒሻኑ ሳጥኑን የሰቀለው ከቆርቆሮው ሥር፣ ኮርኒሱ አጠገብ ነበር። የጎንደር አየር ለባትሪ የተመቸ ነው፣ ነገር ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት የከተማው አየር አይደለም። የእነዚህ ባትሪዎች ዕድሜ የሚነገረው በ20 እና 25 ዲግሪ መካከል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ሳጥኑን ወደ መሬት ፎቁ መጋዘን አወረድኩት።

ሁለተኛው የቻርጁ ነገር ነው፤ ሻጭ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ፓናል ባትሪውን የሚሞላው በ400 ሚሊ አምፔር ነው። ባዶ የሆነች 7 አምፔር ሰዓት ለመሙላት 20 ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። መብራት መጥቶ ለ6 ሰዓት ብቻ ቢቆይ የሚመለሰው ወደ 2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ያም ለ7 ሰዓት ይሆናል። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚሰነብትበት ሳምንት ባትሪው ሳይሞላ ይከርማል፣ ሳይሞላ የከረመ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። «ጋሼ፣ 18 አምፔር አስገባልህና ተገላገል» ያለኝ ልጅ ነበር። 18ቷን ይህ ፓናል ከባዶ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ ሳጥኑም አይዘጋላትም። ሆዱ የሰፋ ጎተራ በአንድ ቁና ማለዳና ማታ ቢሞሉት መቼ ይሞላል?

ስለዚህ ከባትሪው በፊት የሚበላውን ቀነስኩ። የኪፓዱን መብራት ካልተነካ እንዲጠፋ አደረግኩ፣ ማንም የማያልፍበት ጥግ የነበረውን ሴንሰር አወጣሁ፤ 280 ወደ 250 ወረደ። ቴክኒሻኑ የኢንተርኔቱን ራውተር ከአላርሙ ባትሪ ላይ ላስገባልህ ብሎ ነበር። ስለካው ራውተሩ ብቻውን 600 ይበላል፤ ከአላርሙ ሁሉ በላይ። አይሆንም አልኩት። ለራውተርና ለካሜራ የራሳቸው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባለ ባትሪ ዕቃ፣ ይግባላቸው።

በ250 ለ24 ሰዓት ሂሳቡ ወደ 7.9 ይመጣል፣ 9ኟ ትበቃለች። ደግሞ 9ኟ ከ7ቷ ጋር በቁመትም በወርድም አንድ ናት፤ 151 በ65 ሚሊ ሜትር፣ ሽቦውም ሳይቀየር በዚያው ሳጥን ገባች። የመጨረሻው ሙከራ ላይ እሑድ ማታ 1 ሰዓት፣ 24 ሰዓቱ ሲሞላም መልእክቱ አልመጣም ነበር።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ክብደቷን መዝኑ፤ እውነተኛ 7 አምፔር ከ2 ኪሎ አያንስም። እኔ አጠገባችን ካለው የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀምጬ አንዷን መልሼአለሁ፣ ነጋዴው እስካሁን ይስቅብኛል። ቮልቷንም ለኩ፤ ከ12.5 በታች ከሆነች መደርደሪያ ላይ ቻርጅ ሳትደረግ የከረመች ናትና ተዉአት። የመኪና ባትሪ ሱቅ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ጋዝ ታወጣለች፣ ለዚህ ሥራም አልተሠራችም። የሊቲየሞቹን አልሞከርኩም፤ ፓናሌ ለእርሳስ ባትሪ በ13.7 ቮልት የሚሞላ ስለሆነ ቻርጀሩን ሳልቀይር አላስገባቸውም።

ፓናል ስትመርጡ ባትሪው 10.5 ቮልት ሲደርስ ራሱ የሚቆርጥ መሆኑን ጠይቁ። የጎረቤቴ ርካሽ ፓናል አይቆርጥም፤ አንድ ረጅም የመብራት መጥፋት ባትሪውን እስከ 4 ቮልት አወረደበትና ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አልቀበል አለ።

አሮጌዋ 7 አሁን መጋዘኑ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ትንሽ አምፖል ታበራልኛለች። ለዚያ ገና ጉልበት አላት።