እጃችሁ ይባረክ፣ የጅማ የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች!

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ዕድሜ ይስጣችሁ! ይህ ምስጋና ጅማ ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አፍ አንድም ቀን ሳትዘልሉ እያሻችሁ መጥባት ለምታለማምዱ ነርሶች ነው።

ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው ከእናቱ የመጨረሻ የወር አበባ ጀምሮ ሲቆጠር ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ነው። እስከዚያ ወተቱ በቱቦ ይገባል። ሌላ ቦታ የሚታየው ግን ያንገበግባል። ቱቦው ይነቀልና ጡጦ ይደቀንበታል፤ ትን ሲለው «ሰነፍ ልጅ ነው» ይባላል። ማሸቱን የዛሬዋ ተረኛ ትሠራዋለች፣ የነገዋ ትረሳዋለች። አንዷ ድዱን በኃይል ትጫናለች፣ ሌላዋ ወተት እንደገባ ትጀምርና ታስመልሰዋለች። እናቲቱም ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ታለቅሳለች።

እነዚህ እህቶች ግን ቅደም ተከተሉን አያዛንፉም። ጥፍር አጭር፣ እጅ የታጠበ፣ ጓንት፣ ትንሿ ጣት በእናቱ ወተት ጠብታ የረጠበች። ከምግብ በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመው ጉንጭን፣ ከንፈርን፣ ድድን፣ የምላስን ጎንና መሀል፣ ላንቃን ያሻሉ፤ 3 ደቂቃ ያህል። ከዚያ ለ2 ደቂቃ ጣታቸውን ያስጠቡታል። በቀን አንዴ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን።

አንዷ ሲስተር ድድ ላይ ስትደርስ የሕፃኗ ኦክስጅን ወረደ፣ ከንፈሯም ጠየመ። ወዲያው ጣቷን አወጣች፤ አንድ እጇን በሕፃኗ ራስ፣ ሌላውን በሕፃኗ እግር ላይ አድርጋ ቀለሟ እስኪመለስ ዝም ብላ ጠበቀች። ለእናቲቱም በኦሮምኛ «ሰነፍ አይደለችም፣ ደክሟት ነው» አለቻት። ከዚያ ሰዓቱን፣ የት ላይ እንዳቆመችና ለምን እንዳቆመች ቻርቱ ላይ ጻፈች። በማግስቱ የመጣችው ተረኛ ያንን አንብባ ከጉንጭ ብቻ ጀመረች። ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ሰው ሲቀያየር ሥራው አይቀያየርም!

ከአጋሮም ሆነ ከሰቃ ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ፣ ያለ ፍርሃት ጠይቋቸው፤ ደጋግመው ያሳዩአችኋል። እነሱ ሳያሳዩአችሁ ግን በራሳችሁ አትሞክሩ። ስትገቡ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ቀለበት አውልቁ፣ ሕፃኑን ደረታችሁ ላይ የምታቅፉበት ነጠላም ያዙ።