ባሕር ዳር ያለው ባለ 120 ኪሎዋት ቻርጀር፦ ከ120ው መኪናዎ ጋ የሚደርሰው ስንቱ ነው?

ማሽኑ ላይ በትልቁ 120 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፤ ግን አንድ መኪና ብቻ ሲሰካ፣ ያውም መኪናው ያንን ያህል መቀበል ሲችል ነው። ማሽኑ አንድ፣ መሰኪያው ሁለት ነው፤ ሁለተኛ መኪና ሲመጣ ኃይሉ እኩል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 60 ይደርሰዋል። ወደ ጎንደር ለሚያልፍ ሰው ጥሩ ማረፊያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ግን እዚህ ላይ ብቻ ተማምኖ ባይነሳ ይሻላል።

ትንሽ መኪና የያዘን ሰው ይህ ክፍፍል አይመለከተውም። 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ቢዋይዲ ሲጋል ከ40 ኪሎዋት ብዙም አይዘልም፤ ጎረቤት ኖረም አልኖረም ያው ነው። የሚጎዱት ትልልቆቹ ናቸው። 84.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው የቻይናው ቮልስዋገን አይዲ 4 ከ20 ወደ 80 በመቶ ለመውጣት 51 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ብቻውን ከተሰካ 45 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፣ ለሁለት ሲካፈል አንድ ሰዓት ይጠጋል። ሲደርሱ ሌላ መኪና ተሰክቶ ካገኙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በመቶ ደረሰ?» መሆን አለበት። ከ80 በላይ ያለ ባትሪ የሚወስደው ትንሽ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ ከአንዱ የተረፈውን ለሌላው አያዛውርም። 95 ደርሶ 100 የሚጠብቅ ሰው ግማሹን ማሽን ይዞ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። በትህትና ይነገረው።

ፍጥነቱ ሲወርድ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስክሪኑ ራሱ ይናገራል። መኪናው የጠየቀው አምፔርና ማሽኑ የሰጠው አምፔር ጎን ለጎን ይታያሉ። ተጠየቀ 150፣ ተሰጠ 80 የሚል ከሆነ ችግሩ ከማሽኑ ነው። ሁለቱም እኩል ሆነው ዝቅ ካሉ ባትሪው ወይ እየሞላ ነው፣ ወይ ሞቋል። ከማሽኑ ሲሆን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው፦ በሩ ላይ ያለው የአየር ማጣሪያ በአቧራና ማታ በመብራቱ ተስበው ከሐይቁ በሚመጡ ነፍሳት ይደፈናል፤ ሲሞቅ ደግሞ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል። ፋኑ እየጮኸ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ካዩ ሠራተኛው ማጣሪያውን አውጥቶ እንዲያራግፍ ይጠይቁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለቱም መሰኪያዎች ጂቢቲ (የቻይና መኪናዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት) ናቸው፤ ከቻይና ለገባ መኪና ችግር የለም። ሲሲኤስ 2 የሚባለው የአውሮፓ ዓይነት መሰኪያ ያለው ሰው የዲሲ (የፈጣን ቻርጅ) አዳፕተር ይዞ መምጣት አለበት። አዳፕተሩ የራሱ ትንሽ ባትሪ ካለው ከቤት ሲነሱ ቻርጅ ይደረግ፤ እሱ ከሞተ ማሽኑና መኪናው አይግባቡም።

«መኪና በመጠበቅ ላይ» ብሎ ቀጥ ማለት እዚህ የተለመደ ነው። ኬብሉ ከባድ ስለሆነ መሰኪያውን ወደ ታች ይስበዋል፤ መልእክት የሚያስተላልፉት ቀጫጭን ፒኖች ደግሞ ትንሽ ከላሉ ግንኙነት የለም። ቀጭ እስኪል ከገፉት በኋላ እጀታውን በአንድ እጅ ደግፈው፣ በሌላው አስጀምረው፣ አምፔሩ መውጣት እስኪጀምር እንደያዙት ይቆዩ። ካልሆነ አቁመው፣ ነቅለው፣ መኪናውን ቆልፈው ከፍተው ይድገሙት። ማስጀመሪያው በስልክ ነው፤ ዳታ ሲቆራረጥ ሠራተኛው በካርድ ይከፍታል፣ ግን ካልጠየቁት አይነግርዎትም።

መብራት ሲሄድ ሌላ ጣጣ አለ። የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ከተማው መብራት መጠበቁ ያስገርማል፤ እሱን እንተወው። የጂቢቲ መቆለፊያ ያለው መሰኪያው ውስጥ ስለሆነ መብራት በሄደበት ቅጽበት መኪናው ላይ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። በጉልበት አይጎተት። ብዙዎቹ መሰኪያዎች እጀታው አጠገብ በትንሽ የላስቲክ ክዳን የተሸፈነች ቀዳዳ አላቸው፤ በቀጭን ብሎን መፍቻ ሲገፋ ቁልፉ ይለቃል። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይሰካ፣ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ።

ሒሳቡ በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ሳይሰኩ ይጠይቁ። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ20 ወደ 80 ሲሄድ 36 ይገባዋል፤ ማሽኑ 38 ቢል ያስኬዳል፣ 44 ካለ ግን ይጠይቁ። ጥላ የለም፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ቆሮሶ አስጠብሶ ለመብላት ጊዜው ይበቃል፣ ዓሣው ቶሎ ከቀረበ።

ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም በጠቅላላው ሽቅብ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ መኪና 33 ያህል፣ ከነዳገቱ 36 ይያዝለት። ለ60 ባትሪ 80 በመቶ በቂ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቶ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የተነሳ ሳይመሽ ይገባል።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ደብረ ማርቆስ ግን 260 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ከባሕር ዳርም በ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ያው መኪና 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ከ100 በመቶ በታች ሆኖ መነሳት ልብ ማንጠልጠል ነው። የመጨረሻዋን 20 በመቶ እዚህ ቆሞ ከመጠበቅ ሆቴል ውስጥ ማሳደር ይሻላል። ባለ 16 አምፔር ሶኬት በ10 ሰዓት 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ክፍል ከመያዝዎ በፊት ሶኬቱ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ተንቀሳቃሹ ቻርጀር ቀይ አብርቶ እንቢ ይላል።