ካሽ ሴኪዩርድ ፑት ወይስ ፑት ስፕሬድ?

የአሜሪካ ገበያ ላይ ኦፕሽን የምትሸጡ ሰዎች እነዚህ ሁለቱ መሀል መወላወላችሁ አይቀርም። ፑት ማለት ገዢው እስከ ማብቂያው ቀን ድረስ አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ (ስትራይክ) ለሻጩ እንዲሸጥ መብት የሚሰጥ የኦፕሽን ውል ነው፣ ለመብቱ የሚከፍለው ፕሪሚየም ይባላል። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ የ50 ዶላር ስትራይክ ፑት ካሽ ሴኪዩርድ አድርጋችሁ (ሙሉ መግዣውን ብር አስይዛችሁ) ስትሸጡ 5,000 ዶላር አካውንታችሁ ላይ ይታሰራል፣ ፕሪሚየሙ ለአንድ አክሲዮን 1.20 ነው እንበል 120 ዶላር ገባላችሁ፣ ዋጋው ከ50 በታች ከወረደ አክሲዮኑን በ50 ትረከባላችሁ፣ የምትፈልጉት ካምፓኒ ከሆነ ምን ችግር አለው ይዛችሁ መጠበቅ ነው።

ስፕሬድ ላይ ግን የ50ውን ፑት ሸጣችሁ የ45ቱን ፑት ትገዛላችሁ። የተጣራ 70 ዶላር ካገኛችሁ ከፍተኛው ኪሳራ 430 ነው (የ5 ዶላር ልዩነት በ100 ሲባዛ 500፣ 70 ሲቀነስለት)። እና እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው! «5,000 አለኝ አይደል፣ 10 ስፕሬድ ልክፈት» ይላል፣ አክሲዮኑ ከ45 በታች ከዘጋ 4,300ው ሙልጭ። በካሽ ሴኪዩርዱ ያንን ያህል ለመክሰር እኮ አክሲዮኑ ከ6 ዶላር በታች መውረድ አለበት።

ደግሞ ኤክስፓየር በሚያደርግበት ቀን ዋጋው 45 እና 50 መሀል ከዘጋ የሸጣችሁት አሳይን ይደረግና (ገዢው መብቱን ይጠቀምና) በእያንዳንዱ ኮንትራት 100 አክሲዮን በ50 ይመጣባችኋል፣ የገዛችሁት ፑት ዜሮ ይሆናል፣ ብሩ ከሌላችሁ ማርጂን ኮል (ብር ጨምሩ የሚል የብሮከሩ ጥሪ) ነው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ዝጉት። እኔ ስፕሬድ ከ2 ኮንትራት በላይ አልከፍትም፣ ካሽ ሴኪዩርድም ቢሆን ልይዘው የማልፈልገው አክሲዮን ላይ አልሸጥም።